ታይቺን ማን ወለደው?

እ.ኤ.አ. በ1930 በናንጂንግ ከተማ ስለ ቻይና ማርሻል አርት ታሪክ አንድ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ታንግ ሃዎ ጃፓን ሄዶ ሕግ ያጠና ጠበቃ ነው፤ ፍልሚያም ተምሯል። ጥያቄው የፍርድ ቤት ጥያቄ ነበር። ሕንዳዊው መነኩሴ ቦዲዳርማ በሻዎሊን ገዳም፣ ባሕታዊው ዣንግ ሳንፌንግ ደግሞ በዉዳንግ ተራራ ፍልሚያ ማስተማራቸውን በዘመናቸው የጻፈ ማን አለ? ሰነዶቹን አገላብጦ የደረሰበት መልስ ማንም የለም የሚል ነው።

መጽሐፉን ያሳተመው ማዕከላዊው የብሔራዊ ፍልሚያ ተቋም ነበር። ይኸው ተቋም በ1928 ሥራ ሲጀምር ትምህርቱን ሻዎሊንና ዉዳንግ ብሎ ለሁለት ከፍሎት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱ ወገን ሰዎች ተጣሉና ክፍፍሉ ቀረ። የተቧደኑት ማስረጃ በሌላቸው ሁለት አባቶች ስም ነበር።

ብዙዎቻችን ሻዎሊንን የምናውቀው በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ባየናቸው ፊልሞች ነው። መነኮሳቱ ተዋጊዎች መሆናቸው ፈጠራ አይደለም። በ621፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆነው ለሊ ሺሚን ወግነው ተዋግተዋል፤ ምስጋናውና የተሰጣቸው መሬት በ728 በቆመ ሐውልት ላይ ተቀርጿል። ማስረጃ የሌለው ጥበቡ ከቦዲዳርማ ወረደ የሚለው ነው። ቸንግ ዞንግዮው የሚባል ሰው በገዳሙ ለዓመታት የዱላ ፍልሚያ ተምሮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ ጽፏል። እንደ መጽሐፉ ከሆነ መነኮሳቱ የዱላው ጥበብ አባት የሚሉት ቦዲዳርማን ሳይሆን ኪናራ የሚባለውን መንፈሳዊ ፍጡር ነበር፤ የማድ ቤት ሠራተኛ መስሎ መጥቶ፣ ገዳሙን ከወራሪ ያዳነ ነው ይሉታል። ይህም ተረት ነው። ቢሆንም በዚያ ዘመን ገዳሙ ውስጥ ቦዲዳርማ የፍልሚያ አባት እንዳልነበረ በግልጽ ያሳያል።

ቦዲዳርማ ወደ ፍልሚያው ታሪክ የገባው ይጂን ጂንግ በሚባለው የአካል ማጠንከሪያ መጽሐፍ በኩል ነው። መጽሐፉ በ1624 ገደማ የተዘጋጀ ሲሆን ዕድሜውን የሚያስረዝሙ ሁለት መቅድሞች ተደርገውለታል። የመጀመሪያውን በ628 ጻፈው የተባለው የታንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አዛዥ ሊ ጂንግ ነው። ሊ ጂንግ መጽሐፉን ያገኘሁት ጺሙ ከተጠቀለለው ጀግና ነው ይላል። ይህ ጀግና ግን ሊ ጂንግ ከሞተ ከረጅም ዘመን በኋላ በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። የሁለተኛው መቅድም ባለቤት የሶንግ ዘመኑ የጦር አዛዥ ኒው ጋዎ ነው ተብሏል። ኒው ጋዎ በዚሁ መቅድም ላይ እኔ ወታደር ነኝ፣ አንድ ፊደል እንኳ አልለይም ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው መቅድም ጻፈ ማለት ነው! በ1809 የሞተው ሊቅ ሊንግ ቲንግካን ይህን ሐሰት ገልጦ አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወጡ ልብ ወለዶችና የማሠልጠኛ መጻሕፍት ታሪኩን አራገቡት፤ የሊቁ ቃል ሰሚ አጣ።

የዣንግ ሳንፌንግ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ፖለቲካ አለበትና። የሚንግ ነገሥታት ያከበሩት፣ ንጉሠ ነገሥት ዮንግለ መልእክተኛ ልኮ ያፈላለገው ባሕታዊ ነበር። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ይፋዊ ታሪክ ውስጥ ስለ ቁመናው፣ ስለ አበላሉ፣ ሞቶ ስለመነሣቱ ተጽፏል፤ ስለ ፍልሚያ ግን አንድም ቃል የለም። ፍልሚያ ከስሙ ጋር የተያያዘው በ1669 ነው። በዚያ ዓመት ሁዋንግ ዞንግሺ የተባለው ትልቅ ሊቅ ዋንግ ዠንግናን ለሚባል ተዋጊ የመቃብር ጽሑፍ ጻፈ። በጽሑፉ ላይ ዣንግ ሳንፌንግ በሕልሙ ከሰሜኑ አምላክ ፍልሚያ ተማረ፣ በነጋታውም ብቻውን ከመቶ በላይ ሽፍታ ገደለ ይላል። ጥበቡንም "የውስጥ" ብሎ ከሻዎሊኑ "የውጭ" ጥበብ በላይ ያስቀምጠዋል።

ሁዋንግ ማንቹዎች ቻይናን ሲይዙ በትጥቅ የታገለ፣ ከተሸነፈም በኋላ አላገለግልም ያለ ሰው ነው። የሻዎሊን መነኮሳት የሚከተሉት ቡድሂዝም ከውጭ አገር የመጣ እምነት ነው፤ ዣንግ ሳንፌንግ የሚወክለው ዳዎይዝም ደግሞ አገር በቀል። አገሩን በባዕድ የተነጠቀ ሊቅ በአንድ ተዋጊ መቃብር ላይ አገር በቀሉ የውጭውን ያሸንፋል ብሎ ሲጽፍ ስለ ቡጢ ብቻ እያወራ አይመስለኝም። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎችም እንዲሁ ያነቡታል። ደግሞም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ታይቺ የሚባል ነገር ፈጽሞ አልተጠቀሰም። የታይቺ መምህራን ዣንግ ሳንፌንግን የራሳቸው አባት ያደረጉት ዘግይተው ነው።

ታንግ ሃዎ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ዌንሺያን አውራጃ፣ ወደ ቸንጂያጎው መንደር ወረደ። የቸን ቤተሰብ የትውልድ መዝገብ ላይ ከዘጠነኛው ትውልድ ከቸን ዋንግቲንግ ስም አጠገብ የቤተሰቡን የእጅ፣ የጎራዴና የጦር ፍልሚያ የጀመረ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ አገኘ። ቸን ዋንግቲንግ በሚንግ መንግሥት ማብቂያ የኖረ ወታደር ነበር። ታንግ ሃዎ በዚህ ላይ ሌላ ማነጻጸሪያ ጨመረ። የሚንጉ የጦር አዛዥ ቺ ጂግዋንግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለወታደሮቹ በጻፈው መመሪያ ውስጥ 32 የፍልሚያ አቋቋሞች አሉ፤ ታንግ ሃዎ ከእነዚህ 29ኙን በቸን ቤተሰብ ልምምድ ውስጥ አገኛቸው። የቺ የመጀመሪያ አቋቋም ተዋጊው የልብሱን ጫፍ ሰብስቦ መቀነቱ ውስጥ ሲሸጉጥ የሚያሳይ ነው፤ የቸን ታይቺም እስከ ዛሬ በመግቢያው ላይ ይህንኑ ይሠራል። በአንድ እግር መቆሙም በሁለቱም ዘንድ አለ። ቺ ራሱ ባዶ እጅ መፋለም ለትልቅ ጦርነት ብዙም አይረባም፣ ነገር ግን የጀማሪን እጅና እግር ያፍታታል ብሎ ያምን ነበር። የታይቺ ሥር ተራራ ላይ የታየ ሕልም ሳይሆን የወታደር ልምምድ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ ግን ታንግ ሃዎም መጠየቅ አለበት። ማስታወሻው የቤተሰቡን ፍልሚያ ጀመረ ይላል እንጂ ታይቺ የሚል ስም አይጠራም። የቤተሰቡ ሊቅ ቸን ሺን፣ ከሞተ በኋላ በ1933 በታተመው መጽሐፉ፣ ጥበቡን የሰጠው ለቸን ዋንግቲንግ ሳይሆን በሚንግ መጀመሪያ ከሻንሺ ለመጣው ለመጀመሪያው አያት ለቸን ቡ ነው። ቤተሰቡ ራሱ ያልተስማማበትን ጠበቃው በአንድ ማስታወሻና በአቋቋሞች መመሳሰል ዘጋው። 29ኙ አቋቋሞች የሚመሰክሩት መዋስን ነው፤ ቺም ከዘመኑ ታዋቂ ፍልሚያዎች እየመረጠ ሰብስቧቸው ነበር። አንድ አባት ሲፈለግ የተገኙት ብዙ ናቸው።

የማያጠራጥረው ሰንሰለት የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ከ1771 እስከ 1853 የኖረው የመንደሩ መምህር ቸን ቻንግሺንግ፣ የዮንግኒያን ተወላጅ የሆነውን ያንግ ሉቻንን አስተማረ። ያንግ ቤጂንግ ገብቶ ለማንቹ መኳንንት አስተማረ፤ ዛሬ በዓለም አደባባዮች ሽማግሌና ባልቴት በዝግታ የሚሠሩት ታይቺ አብዛኛው ከእሱ ቤት የወጣ ነው። ክብሩን ለዣንግ ሳንፌንግ የሚሰጥ ሰው የሚበድለው እነዚህን ሰዎች ነው። የውጭ ሰው ተቀብሎ ያስተማረ የገጠር መምህር፣ ከቀዬው ርቆ ለዓመታት የተማረ ድሃ፣ ስሙ በቤተሰብ መዝገብ ጥግ የቀረ ወታደር፤ ላብ ያፈሰሱት እነሱ ሆነው ሳለ ሕልም ያየው ተመሰገነ። የዘር ሐረግን መጠየቅ ጥበቡን ማዋረድ ነው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው ዛሬ ገንዘብም አለበት። የታይቺ መገኛ የሚል ስም ጎብኚና ሰልጣኝ ያመጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከቸንጂያጎው ብዙም ከማይርቅ ከታንግ መንደር የሊ ቤተሰብ የትውልድ መዝገብ ወጣ። በ1716 የተጻፈ ነው የተባለው ይህ መዝገብ ታይቺን የፈጠሩት ቸን ዋንግቲንግና የሊ ቤተሰብ ዘመዶቹ አብረው፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ይላል። ዩኔስኮ በ2020 ታይቺን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ግን ጥበቡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቸንጂያጎው ባለበት በዌንሺያን አውራጃ ተፈጠረ ብሎ ጽፏል። የዩኔስኮ ማኅተም የታሪክ ማስረጃ አይደለም፤ የሊ መዝገብም የቆየ ቀን ስለተጻፈበት ብቻ አይታመንም። የቸንም ሆነ የሊ መዝገብ ፊት ለፊት ተቀምጦ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ጽሑፉን መቼ ማን ገለበጠው፣ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ማስታወሻስ የጨመረው የማን እጅ ነው?