ግቢ

«ግቢ» ጠብቆ ሲነበብ የታጠረ ቅጥር ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ለሴት የሚነገር ትእዛዝ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለቱም ያገለግላሉ።

ቃሉ ቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት ይሸታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በእርግጥም የንጉሥ ግቢ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ።

ዛሬ ወደ ግቢ የሚጠራው የጥሪ ማስታወቂያ ነው፦ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ቅረቡ። ቡናዋ ባሕር ማዶ ድረስ ስም ካወጣላት ከባንኮ ጎቲቲ የተነሣ ልጅ ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጌዴኦ ዞን ውስጥ ቢሆንም፣ ምደባው ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ሊያደርሰው ይችላል። በጌዴኡፍኛ አፉን የፈታ ልጅ ዶርም ውስጥ በአማርኛ ሲቀለድ ይሰማል፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል። ቀልዱ ሲያመልጠው ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ኩራት ይመስላል።

በመታወቂያ በር ማለፍና «የግቢ ልጅ» መባል ለየቅል ናቸው። መነኻሪያ ወጥተው አዲስ ገቢውን «ፍሬሽ» የሚቀበሉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ ነባር ተማሪዎች፣ ኋላም የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤና የመስጊዱ ጀመዓ ርቀቱን ያጠባሉ። የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ከሚለጥፈው ማስታወቂያ ይልቅ የነዚህ ሥራ ሳይበልጥ አይቀርም።

ማዕድ ግን እንደገና ይለያል፦ በግቢው የሚመገበው «ካፌ» ነው፤ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ የሚበላው «ነን ካፌ»። ገንዘቡ ወሩን አልዘልቅ ሲለው፣ «ነን ካፌ»ው የ«ካፌ» ጓደኛውን ዳቦ ዶርም ይጠብቃል።