የመርዘኛ ዕፀዋት ሥዕላዊ መጻሕፍትና የስያሜ ታሪክ

ስለ መርዘኛ ዕፀዋት የተጻፉ የጥንት ሥዕላዊ መጻሕፍትን የሚሰበስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚማረኩት በሥዕሎቹ ውበት ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ግን የእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛ ጥቅም ስምንና ተክልን አጣምረው መያዛቸው ነው። ስም ከተክሉ ሲለይ የሚከተለውን ለማሳየት በዋጊኖስ ላይ የደረሰውን እንመለከታለን።

ፈረንሳዊው ፒየር ቡልያር እ.ኤ.አ. በ1783 የዕፀዋት ጥናት መዝገበ ቃላት፣ በ1784 ደግሞ የፈረንሳይን መርዘኛና አጠራጣሪ ዕፀዋት የሚመለከት ባለቀለም ሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱንም ሥራዎች አንድ ሰው ማዘጋጀቱ የሚያስገርም አይደለም። መርዘኛውን ተክል ከሚበላው ለመለየት የቅጠሉን ጠርዝ፣ የአበባውን አቀማመጥና የሥሩን ቅርጽ በየስማቸው መጥራት ግድ ነውና።

ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1790 በኤዲንበራ ባሳተመው ባለአምስት ቅጽ መጽሐፍ ኮሶን፣ ቁልቋልን፣ እንሰትንና ዋጊኖስን ከአገርኛ ስማቸው ጋር በሥዕል አቅርቧል። የዕፀዋቱን ሥዕሎች በመሥራት የደከመው ጎንደር ላይ የሞተው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ብሩስ ዋጊኖስን የተቅማጥ መድኃኒት አድርጎ ገልጾታል። ሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ መባሉም ከዚሁ የመነጨ ነው። የመጀመሪያው ቃል መንገደኛውን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ፈዋሽነቱን ይናገራል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ከደቡብ አሜሪካ ለመድኃኒትነት ይመጣ ከነበረው የአንጎስቱራ ቅርፊት ጋር ሌላ መርዘኛ ቅርፊት ተቀላቅሎ በአውሮፓ ገበያ ተሸጠ። ይህ «ሐሰተኛ አንጎስቱራ» የተባለ ቅርፊት ከዋጊኖስ የተገኘ መሰላቸው። ስለዚህም ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች በ1819 ከቅርፊቱ ያወጡትን መርዝ «ብሩሲን» አሉት። በኋላ እንደተረጋገጠው ግን ቅርፊቱ ስትሪክኒን ከሚገኝበት የእስያ ዛፍ ከስትሪክኖስ ኑክስ ቮሚካ የተላጠ ነበር። ስሕተቱ ታረመ፤ ስሙ ግን እንደጸና ቀረ። እነሆ ፈዋሽ ተብሎ የተመሰገነ ተክል ያላፈራውን መርዝ በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። ስለሆነም የስሙን ሥርወ ቃል ብቻ ተከትሎ ብሩሲንን «ከዋጊኖስ የሚገኝ መርዝ» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አንባቢውን ያሳስታል።

የስሕተቱ መንሥኤ ግልጽ ነው። ቅርፊቱ ገበያ የወጣው ያለ ቅጠልና ያለ አበባ ስለነበር ከሥዕል ጋር ለማስተያየት አልተመቸም።

በእኛም ቋንቋ ተመሳሳይ ችግር አለ። ዳቱራ ስትራሞኒየም የተባለው መርዘኛ ተክል በአንድ ወገን አስተናግር፣ በሌላ ወገን ዕፀ ፋርስ ይባላል። የፊተኛው ስም ተክሉ የበላውን ሰው ማስለፍለፉን ሲያመለክት፣ የኋለኛው ተክሉን ከፋርስ አገር ጋር ያያይዘዋል። ሁለቱ ስሞች ሳይጠቃቀሱ በየፊደላቸው ተራ ቢገቡና ፍቺያቸውም «መርዘኛ ተክል» በሚል ቢወሰን፣ ተርጓሚው አንዱን ተክል ሁለት አድርጎ መውሰዱ አይቀርም።

ስለዚህ የመርዘኛ ዕፀዋት ፍቺ አገርኛ ስሞችን በሙሉ፣ ሳይንሳዊውን ስም፣ መርዙ ያለበትን የተክሉን ክፍል፣ ከተቻለም ሥዕሉን እንዲይዝ እናሳስባለን። የጥንት መጻሕፍትን ሥዕሎች እየገነጠሉ በተናጠል መሸጥ የተለመደ ንግድ ነው። ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማብራሪያው ከጥራዙ ጋር ይቀራል፤ ያን ጊዜ ተክሉ እንደ ሐሰተኛው አንጎስቱራ ቅርፊት ማንነቱን የሚመሰክርለት ያጣል።