ከቪላው ጀርባ ያለው ቤት

አዲስ አበባ ዳር ገላን ፋብሪካ የተቀጠረ ወጣት ደላላውን የሚጠይቀው ስለ ሰርቪስ ነው፤ የጓሮ አጥር ተደግፎ በብሎኬት ወይም በጭቃ ስለተሠራ፣ በሩ ወደ ግቢው ስለዞረ፣ መጸዳጃው የጋራ ስለሆነ አንድ ክፍል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታም ያው ነው። ይህች ክፍል ከከተሞቹ ታሪክ ጋር አብራ አርጅታለች፤ ሕጉ ግን ዓይኑን የሚጥለው ከፊት ባለው ቤት ላይ ነው።

በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ቦታ የተሰጣቸው መኳንንት ከአዳራሹ ጀርባ ማድ ቤትና የአሽከሮች ጎጆ ነበራቸው። ቪላ ሲመጣ ጎጆው ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና የሠራተኛዋ ክፍል በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተሰለፉ። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው አንዱን ክፍል አከራየ፤ ቆይቶም ለኪራይ ብሎ ደረደረ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ፤ ማከራየትንም የመንግሥት ሥራ አደረገው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ውጤቱ ዛሬም በአሮጌ ሰፈሮች ይታያል፤ ቪላው የግል፣ ጓሮው የቀበሌ፣ በሩ አንድ፣ ውኃውም አንድ። ባለቤቱና የትናንት ተከራዩ በአንድ ግቢ የተፋጠጡበትን ዘመን የሚያስታውስ አዛውንት አይጠፋም። በሌላው ቤት ተጠግቶ የሚኖረው፣ ደባል የሚባለው ነዋሪም የበዛው ያኔ ነው። መንግሥት የሚሠራው ቤት ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አልሄደም፤ ሰው ግን የግድ የሆነ ቦታ ማደር ነበረበት።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ የግል ኪራይ ሲስፋፋ ግንባታው ከጓሮ ወጥቶ በዳር ከተሞች ወደ እርሻ መሬት ገባ። ሌሊት ተማግሮ ጠዋት ቆርቆሮ ለብሶ የሚገኘው የጨረቃ ቤት ተስፋፋ። አዲስ አበባ እነዚህን ሕጋዊ ለማድረግ በ1988 እና በ1997 ዓ.ም የተነሱ የአየር ፎቶዎችን መለያ አድርጋ ነበር፤ ጣሪያው ፎቶው ላይ ያልታየለት ሰው ክርክሩ ከባድ ነው። ዳር ያሉት ከተሞች ደግሞ በኦሮሚያ ሥር ስለሆኑ በክልሉ ሕግ ይዳኛሉ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ10,000 ሕዝብ በላይ ባላቸው ከተሞች ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሏል። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ የምሰሶዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ቤት በዚህ አዋጅ ምድብ «ሀ» ተብሏል፤ የጓሮ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይወድቃል። ቀላሉ ምድብ ነው፤ ሆኖም ፕላን አሠርቶ፣ ካርታ ይዞ መቆም አለ። ለሁለት ክፍል ያን ሁሉ ደጅ መጥናት ስንቱ ይታገሣል?

በ2015 ዓ.ም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር ከተማ ውስጥ ሲካተቱ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ባለቤቱ ካሳ ቢጠይቅ የሚያሳየው ነገር ይኖረው ይሆናል፤ ተከራዩ ግን ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ።

በ2016 ዓ.ም የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስም አዟል። ሰርቪስ የተከራየ ሰው ክፍሏ ጠበበች ብሎ ይህን መብት አይተወው፤ ውሉን በጽሑፍ ይያዝ፤ ያስመዝግብ።