የዕጩዎች ብቃትና የፓርቲ መከፋፈል በ1860 የአሜሪካ ምርጫ



የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት የሚቀርበውን ሰው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በትውልድ የአገሩ ዜጋ እንዲሆን፥ ዕድሜው 35 ዓመት እንዲሞላ፥ በአገሪቱም 14 ዓመት የኖረ እንዲሆን። ስለ ትምህርት ወይም ቀድሞ ስለ ተሾመበት ሥራ አንዳች አይናገርም። ሕጉ ዝም ያለበትን የሚመረምሩት ፓርቲዎችና ሕዝቡ ናቸው። የዚህም ምርመራ ክብደት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ታይቷል።

በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ቡካናን በሹመት ብዛት የሚተካከላቸው ጥቂት ነበር። በሕግ መምሪያውና በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል፥ በሩሲያና በእንግሊዝ የአገራቸው መልእክተኛ፥ የውጭ ጉዳይም ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ነገር ግን የባርነት ጉዳይ አገሪቱን ለሁለት ሲከፍላት ይህ ሁሉ ልምድ መፍትሔ አላስገኘላቸውም።

የእርሳቸው ፓርቲ የዲሞክራቶች ጉባኤ በአፕሪል ወር በቻርልስተን ከተማ ተሰበሰበ። የደቡብ መልእክተኞች ባርነት በአዲሶቹ ግዛቶች በሕግ እንዲጠበቅ ያቀረቡት አሳብ ባለመጽደቁ ብዙዎቹ ጉባኤውን ጥለው ወጡ። ለዕጩነት ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና 57 ጊዜ ድምፅ ቢሰጥም ማንም አልተመረጠም። በባልቲሞር እንደገና ቢገናኙም ዳግመኛ ተለያዩ፤ የሰሜኖቹ ስቲፈን ዳግላስን፥ የደቡቦቹ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጆን ብሬክንሪጅን አቀረቡ። ጆን ቤልም በሌላ ፓርቲ ስም ተወዳደሩ።

ሪፑብሊካኖች ያቀረቧቸው አብርሃም ሊንከን ግን በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሁለት ዓመት ብቻ የሠሩ፥ በትምህርት ቤት የቈዩበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት የማይሞላ፥ ሕግን በራሳቸው ያጠኑ ጠበቃ ነበሩ።

ሊንከን ከሕዝቡ ድምፅ 40 ከመቶ የማይሞላ ቢያገኙም፥ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት 303 የየግዛቱ መራጮች የ180ውን ድምፅ ወሰዱ። ብዙዎች ይህን ድል ያመጣው የዲሞክራቶች መከፋፈል ብቻ ይመስላቸዋል። ቍጥሩን ለመረመረ ግን እንዲህ አይደለም። የሦስቱ ተቃዋሚዎች ድምፅ በየግዛቱ ቢደመር እንኳ ሊንከን 169 ድምፅ ያገኙ ነበር፤ ለማሸነፍ የሚበቃው ደግሞ 152 ነው። የመከፋፈሉ ጉዳት በሌላ በኩል ነበር። የሰሜንና የደቡብ ሰዎችን በአንድ ጉባኤ ያስቀምጥ የነበረው ትልቅ ፓርቲ ሲፈርስ፥ ተከራክረው የሚታረቁበት ሸንጎ ጠፋ።

ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር ከኅብረቱ ተለየች። ቡካናን መገንጠል ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጠው፥ በኃይል ለማስቀረት ግን መንግሥቱ ሥልጣን የለውም አሉ። ሊንከን በማርች 1861 ሥራቸውን ሲጀምሩ የተለዩት ግዛቶች ሰባት ደርሰው ነበር። በአፕሪልም የጦርነቱ የመጀመሪያ መድፍ ተተኰሰ፤ የተተኰሰውም ፓርቲው በተከፈለበት በዚያው በቻርልስተን ወደብ ነው።

ሊንከን ለዕጩነት የተፎካከሯቸውን ሲዋርድንና ቼዝን ሚኒስትሮች አድርገው ሾሙ። ተሸናፊው ዳግላስም በጁን 1861 እስኪሞቱ ድረስ ከመንግሥቱ ጐን ቆሙ። ብሬክንሪጅ ግን ወደ ተገንጣዮቹ ሄደው ጄኔራል ሆኑ። ባርነትም በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ።

እንግዲህ የሹመት መዝገብ ሰው የት የት እንደ ሠራ ይነግረናል፤ በመከራ ቀን ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። በምርጫ መሸነፍም ለአገር ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ተሸናፊው ከአሸናፊው ጋር በአንድ ሸንጎ መቀመጥን እንቢ ያለ ጊዜ ነው።