«ስብራት»፣ «ጀሶ»፣ «ዳሌ»፦ የአጥንት ሕክምና ቃላት በጎንደር
በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ወጌሻው ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን ለያይቶ ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ቢያስተምርም፣ በሽተኛው ይዞ የቀረበው እነዚህኑ ቃላት ነበር። ስብራቱ የሚታሰርበት «ጀሶ» ግን ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ግንበኛውና ሐኪሙ እስከ ዛሬ ይጋሩታል።

የሚያስቸግረን «ዳሌ» ነው። ቃሉ ከወገብ በታች ያለውን ሰፊ አጥንትም፣ የጭን አጥንት የሚገጥምበትን መጋጠሚያም ይሸፍናል፤ ስለዚህ «የዳሌ ስብራት» የሚል ወረቀት የትኛው እንደ ተሰበረ አይናገርም። ሕክምናው ግን ለየቅል ነው፤ የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ወደ አናቱ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ፣ አናቱም ሊሞት ይችላልና። ተርጓሚው ቢረዝምበትም «የጭን አጥንት አንገት ስብራት» ብሎ ይጻፍ እንላለን፤ «ዳሌ» ብቻውን ሲቆም ለሰፊው አጥንት ይቀመጥ።