የካራቫኑን መንገድ ማን ቀየሰው?

አውስትራሊያዊ ቤተሰብ ለረጅም ዕረፍት ሲወጣ አልጋና ምድጃ ያለውን ተጎታች ቤት ከመኪናው ኋላ ቀጥሎ ነው፤ ካራቫን ይሉታል። ቃሉ የፋርስ ነው፤ የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት ማለት ነው። በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ከማሪ እስከ ማርላ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘረጋው የኡድናዳታ ጥርጊያ መንገድ ላይ ደግሞ ቃሉ ቦታውን ያገኛል።

ለመሆኑ ይህን መንገድ ማን ቀየሰው? መጻሕፍቱ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1862 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋረጠው አሳሽ። ዱካውን ተከትሎ በ1872 የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ጭነቱን ግመለኞች አመላለሱ፤ ከአፍጋኒስታንና ከዛሬዋ ፓኪስታን የመጡትን ሁሉ በጅምላ “አፍጋን” ይሏቸው ነበር። ባቡሩም ቀስ እያለ በ1929 አሊስ ስፕሪንግስ ገባ።

ታዲያ አሳሹም፣ ሽቦውም፣ ግመሉም፣ ባቡሩም የተከተሉት አንድ ነገር ነው፤ ከከርሰ ምድር የሚፈልቁትን ምንጮች። ነጮቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግን አራባናና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ከምንጭ ወደ ምንጭ እየተሻገሩ ይነግዱበት ነበር። “ባዶ ምድር” የተባለው ባለቤት ነበረው። ፍርድ ቤት የአራባናን ነባር የመሬት መብት ያወቀው በ2012 ነው፤ ስቱዋርት አህጉሩን ካቋረጠ ከ150 ዓመት በኋላ!

ጥርጊያው ማርላ ላይ የሚገናኘው አውራ ጎዳና ዛሬም የሚጠራው በስቱዋርት ስም ነው። ስሙ ይኑር። ብቻ ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ “መንገዱን ማን አገኘው?” ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ አባትየው ውኃውን አስቀድመው ከሚያውቁት ይጀምርለት።