ሹመትና ሽረት

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት አለ። እኔ ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ሹመትን እንደ ግል ርስት ስለሚያስቈጥር አልወደውም። ይልቁንም የፖሊስ ሠራዊት አለቃ እንዲህ ያሰበ እንደ ሆነ፥ ጠባቂው ራሱ ጠባቂ ያሻዋል። ለዚህ የአየርላንድን ታሪክ ምስክር አደርጋለሁ።

አየርላንዶች ከእንግሊዝ አገዛዝ ሲላቀቁ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. አዲስ የፖሊስ ሠራዊት አቋቋሙ። የመጀመሪያው አዛዥ ማይክል ስቴንስ የፓርላማ አባልም ነበረ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለ ቸገረ፥ በእንግሊዝ ዘመን ፖሊስ የነበሩ መኰንኖች በከፍተኛ ማዕርግ ተሾሙ። ምልምሎቹ ግን ብዙዎቹ ያንኑ የቀድሞ ፖሊስ ሲዋጉ የኖሩ ነበሩና አላመኗቸውም። በግንቦት ወር በኪልዴር ሰፈር ዐመፁ፤ አዛዡም ሰፈሩን ለቆ ሄደ። ነገሩን የመረመሩት ሰዎች፥ ፖለቲከኛ ፖሊስ ውስጥ ሊያገለግል አይገባም ብለው መከሩ። ስቴንስ ተሰናበተና በመስከረም ጄኔራል ኦውን ኦዳፊ ተተካ። ኦዳፊ ብርቱ ሰው ነበረ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ባለበት ጊዜ እንኳ ፖሊሶቹ ያለ መሣሪያ በሕዝቡ መካከል ሥራቸውን ጀመሩ።

ትልቁ ፈተና ግን የመጣው በሽረት ቀን ነው። በ1932 ዓ.ም. ዴ ቫሌራ ሥልጣን ያዘ፤ እርሱም በእርስ በርሱ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ነበረ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ኦዳፊን ሻረው። ሌላ የመንግሥት ሥራ ቢቀርብለት እንቢ አለ፤ በዚያው ዓመት ሰማያዊ ሸሚዝ የሚለብስ ማኅበር መሪ ሆነ፤ መንግሥትም በነሐሴ ማኅበሩን ከለከለ። ከዐሥር ዓመት በላይ ያዘዘው ሠራዊት ግን ተከትሎት አልሄደም። ለተተካው ለኮሎኔል ብሮይ እየታዘዘ ሥራውን ቀጠለ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። ፊተኛው፥ ዕውቀት ያለ እምነት ለሹም አይበቃውም። ሁለተኛው፥ የኦዳፊ ሥራ መልካምነት የታወቀው፥ ያሳደጋቸው ሰዎች እርሱን ትተው ሕግን በተከተሉ ጊዜ ነው። ነገ አንተም ትሾም ይሆናል፤ አንድ ቀንም ትሻራለህ። ያን ጊዜ ያቀናኸው ሥራ ያለ አንተ ሳይናወጥ ሲሄድ ብታይ፥ ሳትበላ ብትወጣ እንኳ የሚቈጭህ ነገር የለም።